መኪናዋ ጠዋት በአንድ እግሯ ተቀምጣ ትገኛለች፦ የአየር ሞላና ኮምፒውተሩ እንዴት ነው የሚሠሩት?

ጦሳ ሥር (ደሴ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። አራቱም እግሯ ላይ የአየር ሞላ ያላት ያገለገለች መኪና አለችኝ። ማታ ቀጥ ብላ ቆማ ታድራለች፤ ጠዋት ስወጣ በግራ የፊት እግሯ ተቀምጣ አገኛታለሁ። ሞተር ሳስነሳ ከሥር የኮምፕረሰር ድምፅ ይሰማል፣ ቀስ እያለች ትነሳለች፣ ዳሽቦርዱ ላይ የበራው ቢጫ መብራትም ይጠፋል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ ምንም የለባትም።

አንድ ጋራዥ «ኮምፒውተሩ ሄዷል» አለኝ። ሌላው «ኮምፕረሰር ቀይር» አለኝ። የሁለቱም ዋጋ የሚቀመስ አይደለም። ብር ከማውጣቴ በፊት ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ መረዳት እፈልጋለሁ። የምታውቁ ሳትሰስቱ ጻፉልኝ።

መካኒኩ (ኮምቦልቻ)

ወአለይኩም አሰላም። አብሽር ወንድሜ። ከነገርከን የምረዳው አየሩ በግራ የፊት እግር በኩል እየወጣ እንደሚያድር ነው። ኮምፒውተሩም ኮምፕረሰሩም እስካሁን ሥራቸው ላይ ናቸው፤ ጠዋት መኪናዋን የሚያነሱልህ እነሱው ናቸው። ከሥር ጀምሬ ልንገርህ።

በተለመደው መኪና ክብደቱን የሚሸከመው የብረት ሞላ ወይም ባሌስትራ ነው። ባንተ መኪና በሞላው ቦታ ወፍራም ላስቲክ አለ፣ ውስጡ የታመቀ አየር ነው። ላስቲኩ ከታች በኩል ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ጎማው በወጣና በወረደ ቁጥር እጥፋቱ ይንከባለላል። ይህን እጥፋት ያዝልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

በየጎማው አጠገብ፣ በብራቾው (ጎማውን በሚይዘው ክንድ) እና በሻንሲው መካከል፣ አጭር ዘንግ ያለው የከፍታ ሴንሰር ተገጥሟል። ብራቾው ሲንቀሳቀስ ዘንጉ ይዞራል። ሴንሰሩም በአብዛኛው ከ0.5 እስከ 4.5 ቮልት ባለው ውስጥ ልክ ይልካል። ኮምፒውተሩ አራቱን ያነብና ሲሠራ ከተሰጠው ከፍታ ጋር ያስተያያቸዋል። አንዱ እግር ዝቅ ካለ የዚያን እግር ቫልቭ ከፍቶ ኮምፕረሰሩን ያስነሳል። ከፍ ካለ አየር ያስተነፍሳል። ልኩ ላይ ሲደርስ ቫልቩን ይዘጋል።

አለቀ፤ ከዚያ በኋላ አየሩ ተዘግቶበት ይቀመጣል። ኮምፒውተሩ መኪናዋን አይሸከምም። ቆማ ሳለች ባትሪው ቢፈታ እንኳ መውረድ የለባትም። ወረደች ማለት አየሩ በሆነ ቦታ ይወጣል ማለት ነው።

ኮምፕረሰሩ ደግሞ በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ሞተር ነው። ለደቂቃዎች ሠርቶ እንዲያርፍ እንጂ ቀኑን ሙሉ እንዲዞር አልተሠራም። የሚያፈስ ላስቲክ ካለ ግን እየተነሳ፣ እየተነሳ ይሞቃል። የፒስተኑ ቀለበት ያልቃል፣ በመጨረሻ ይቃጠላል። ባለቤቱ አዲስ ይገዛል። የሚያፈሰው ላስቲክ ግን እዚያው ነው፣ አዲሱም ይከተላል። የሚያፈስ እንስራ ሲሞሉ መዋል ማለት ይሄ ነው። ሰዎች በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ ሲከፍሉ ሳይ ያንገበግበኛል።

ሐያት (ሐይቅ)

ጋሼ በደንብ አስረድተዋል። እኔ ቴክኒክና ሙያ ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ፤ ቁጥሩን ልጨምርበት።

አንድ እግር ላይ 600 ኪሎ አርፏል እንበል። በላስቲኩ ውስጥ ያለው ግፊት 7 ባር ከሆነ፣ ያንን ክብደት ለመሸከም 10 ሴንቲሜትር ገደማ ዲያሜትር ያለው ክብ ይበቃል። የጎማችሁ ግፊት 2.3 ባር አካባቢ ነው፤ ሞላው ውስጥ ያለው ሦስት እጥፉ ነው ማለት ነው። ሰውና ጭነት ተጨምሮ እግሩ ላይ 750 ኪሎ ቢያርፍ፣ ኮምፒውተሩ አየር ጨምሮ ግፊቱን ወደ 8.75 ባር ያደርሰዋል። መኪናዋ ግን ከነጭነቷ በቀድሞ ከፍታዋ ትቆማለች።

ዋናው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የብረት ሞላ ጥንካሬው አንድ ነው። ለጭነት ብለው ካጠነከሩት ባዶውን ያንገጫግጫል፤ ለምቾት ካለሰለሱት ሲጫን ይቀመጣል። የአየር ሞላ ግን ግፊቱ ሲጨምር ጥንካሬውም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ባዶም ሆነች ሙሉ፣ የመኪናዋ አካል የሚወዛወዝበት ፍጥነት ያው በሰከንድ 1 ጊዜ ገደማ ሆኖ ይቆያል። ሰውነታችን የሚወደውም ይህንኑ ነው።

ቦርከና

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ኮምፒውተሩ አየር ይነፋል፣ ያስተነፍሳል ማለት ነው? በኛ መንገድ ይሄ ኮምፕረሰር እንዴት ይችለዋል?

ሐያት (ሐይቅ)

አይነፋም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ሁለት ሥራዎች አሉ፤ አንዱ ዘገምተኛ ነው፣ አንዱ ፈጣን።

ዘገምተኛው ከፍታን መጠበቅ ነው። መኪናው እየሄደ ሴንሰሮቹ በየጉድጓዱ ይዘላሉ። ኮምፒውተሩ ግን አንዷን ዝላይ አይቶ አይደነግጥም፣ ለተወሰነ ጊዜ የሰበሰበውን አማካይ ነው የሚያየው። ፍሬን ሲያዝ አፍንጫዋ ይደፋል፣ ኩርባ ላይ ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች። ያን ጊዜ ቫልቮቹን ዘግቶ ይጠብቃል። ሐረጎ ላይ ሲወረድ አስቡት። ወደ ግራ በዞረች ቁጥር የቀኙን አየር ቢሞላ፣ ወዲያው ወደ ቀኝ ስትዞር በተሳሳተ ጎን አየር ይዛ ትገኛለች። ስለዚህ ኩርባው እስኪያልቅ እጁን ሰብስቦ ይቀመጣል።

ፈጣኑ ሥራ የሾክ አብዞርበሩ ነው። ደህና የሚባሉት መኪኖች ላይ ሾኩ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ቫልቭ አለ። ዘይቱ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ያጠብባል፣ ያሰፋል። አካሉ ላይ የተገጠሙ ሴንሰሮች መኪናዋ ወደ ላይና ወደ ታች የምትሄድበትን ይለካሉ፤ ኮምፒውተሩ በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ እያሰላ ሾኩን ያጠነክራል ወይም ያላላል። ጎማው ጉድጓዱን ተከትሎ ይውረድ፣ ይውጣ፤ አካሉ ግን ባለበት ይቆይ ነው ሐሳቡ። ጉድጓዱን የሚመልሰው እንግዲህ ዘይቱ ነው። በዚያች ቅጽበት ከአየሩ ላይ የሚጨመርም የሚቀነስም የለም፤ ይታመቅና ይላላል እንጂ።

አስፋልት ላይ ፍጥነት ሲጨምር ብዙዎቹ ከ1.5 እስከ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ነፋሱ ይቀንሳል፣ መኪናዋም መሬት ትይዛለች። ይሄም ቢሆን በዝግታ ነው የሚሆነው።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

እናንተ ሰዎች ኑሩልኝ። አንድ ነገር ልጨምር። ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት ካደረች ያን ያህል አትወርድም። ደሴ ስታድር ነው የምትብሰው። ብርዱ ነው? ከፍታው ነው?

ሐያት (ሐይቅ)

ሁለቱም አሉበት፣ ግን እኩል አይደሉም።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ኮምፕረሰሩ በአንድ ምት የሚስበው አየር ያንሳል፣ ያንኑ ላስቲክ ለመሙላትም ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል። ከፍታው የሚጎዳው ኮምፕረሰሩን ነው። ሌሊት ለመውረዷ ግን ምክንያቱ ይህ አይደለም።

ብርዱ ነው። ቀን ቆላ ላይ በ27 ዲግሪ የተሞላ አየር ሌሊት 7 ዲግሪ ላይ ሲደርስ በ7 በመቶ ገደማ ይሰበሰባል። በዚህ ብቻ አራቱም እግር ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ይህ በሽታ አይደለም። አንድ እግር ብቻ ሲወርድ ግን የሚያፈስ ነገር አለ። ብርድ ላስቲክን ያጠነክራል፣ የኦሪንጎችን (የማያያዣዎቹን የላስቲክ ቀለበቶች) ጥብቀት ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ላይ በጥቂቱ የምታፈሰው ስንጥቅ ደሴ ላይ ትከፈታለች። የነገርከን ከዚህ ጋር ይገጥማል።

መካኒኩ (ኮምቦልቻ)

እውነቷን ነው። አሁን እንዴት እንደምትፈልገው ልንገርህ፤ ማሽን ሳያስፈልግህ ቤትህ የምትሠራው ነው።

ማታ ደልዳላ ቦታ አቁማት። በሜትር ከጎማው መሐል፣ ከኮፓው እምብርት፣ እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የአካል ሽፋን) ጠርዝ ለካ። አራቱንም ጻፍ። ከመሬት አትለካ፤ ጎማው ራሱ አየር ካነሰው ያሳስትሃል። ከዚያ የአየር ሞላውን ሲስተም (የሰስፔንሽኑን) ፊውዝ ንቀል። ይህን የምልህ አንዳንድ መኪኖች ቆመውም ሌሊት ስለሚነቁ ነው። አንዱ እግር ከወረደ ሌሎቹን ከሱ ጋር ለማስተካከል ያስተነፍሷቸዋል። ጠዋት አራቱም ወርደው ታገኝና የቱ እንደጀመረው ይጠፋሃል። ፊውዙ ከተነቀለ የወረደው የወረደው ብቻ ነው። ጠዋት መልሰህ ለካ።

አንድ እግር ብቻ ከወረደ ብዙ ጊዜ ላስቲኩ፣ ቱቦው፣ ወይም አናቱ ላይ ያለው ማያያዣ ነው። ሁለት እግሮች እኩል ከወረዱ የእግሮቹ ቫልቮች አንድ ላይ ወዳሉበት ወደ ቫልቭ ብሎኩ ሂድ።

ከዚያ ፊውዙን መልስ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ከፍተኛው ከፍታ ላይ አድርጋት። እጥፋቱ ያኔ ይዘረጋል። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ እጥፋቱ ውስጥ ስለሚደበቅ መኪናዋ ዝቅ ብላ ሳለች አይታይም። ሞተሩን አጥፋ። የኦሞ ውሃ በመርጫ ጠርሙስ አድርገህ ላስቲኩን ዙሪያውን እርጨው፣ ቱቦው የሚገባበትንም አትርሳ። ቸኩለህ አትነሳ። ትልቅ ፍሳሽ ወዲያው ይፈላል። ትንሹ ግን ነጭ አረፋ ቀስ አድርጎ ይሰበስባል፣ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል።

ይህን ስታደርግ ከጎን ሁነህ፣ መሪውን ወደ አንድ ጎን አዙረህ፣ በጎማው ክፍተት እጅህን አስገብተህ ነው። ከሥሯ እንዳትገባ! በአየር ብቻ በቆመች መኪና ሥር ሰው አይገባም። ላስቲኩ ቢለቅ በአንዴ ነው የምትወርደው።

የወልድያው

ጋሼ፣ እኔ ላንድክሩዘር 100 አለኝ፣ ከፍና ዝቅ ታደርጋለች። ይህ ሁሉ የሷንም ይመለከታል?

መካኒኩ (ኮምቦልቻ)

አይመለከትም። ያንተዋ በአየር አይደለም የምትሠራው፣ በዘይት ነው። ፊት ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ብረት)፣ ኋላ የብረት ሞላ አላት፤ በላዩ ላይ የዘይት ግፊትና ናይትሮጅን ያለባቸው ኳሶች ያግዛሉ። የራሷን ዘይት ነው የምትፈልገው፣ ሌላ ዘይት እንዳይጨመርባት። እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ሲትሮየን ዲኤስ የሄደበት መንገድ ለዚህ ይቀርባል። ፕራዶ 120 ላይ ደግሞ የአየር ሞላው፣ ካለ፣ የኋላዎቹ ሁለት እግሮች ላይ ብቻ ነው። መኪና ከፍና ዝቅ ስላለች ብቻ «ኤር ሰስፔንሽን» ብሎ እጅ የሚያስገባ ሰው ብዙ ያበላሻል።

ባቲ መንገድ

ሰላም ወገን። እኔ ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ ሚሌ የምወርድ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። የኛም ተሳቢ በአየር ላስቲክ ነው የቆመው፤ ኮምፒውተር ግን የለውም። አክሰሉ ላይ የታሰረ ዘንግ ቫልቩን ይገፋል፣ ይስባል፣ በቃ። አየሩ ከሞተሩ ኮምፕረሰር ይመጣል፣ ከፍሬኑ ጋር አንድ ምንጭ ነው። ሲስተሙ ቅድሚያ ለፍሬን ይሰጣል፣ ላስቲክ ቢፈነዳ ፍሬኑን ይዞ እንዳይሄድ።

አንድ የምወደውን ጥቅም ልንገራችሁ። ላስቲኩ ላይ የግፊት ጌጅ ካሰራችሁ አክሰሉ የተሸከመውን ክብደት ታውቃላችሁ። ባዶ ስትሆኑና ልክ ጭነት ስትጭኑ የሚያሳየውን አንዴ ጻፉ። ከዚያ ሚዛን ጣቢያ ሳትደርሱ ከመጠን በላይ መጫናችሁን ከጌጁ ታነባላችሁ። እህት ሐያት ያለችው የ600ና የ750 ኪሎ ሒሳብ በተግባር ይሄ ነው።

ሐያት (ሐይቅ)

እንዲህ ያለውን ተማሪዎቼ ቢሰሙት ደስ ይለኝ ነበር። ሸጋ ነው። የቤት መኪኖችም በዚሁ መንገድ ነው የጀመሩት። እ.ኤ.አ. የ1957ቱ ካዲላክ ኤልዶራዶ ብሩሃም የአየር ሞላ ነበረው፤ የሚቆጣጠረው በሜካኒካል ቫልቭ ነበር። ያፈስ ስለነበር ብዙ ባለቤቶች አውጥተው የብረት ሞላ አስገቡበት። በኮምፒውተር የሚታዘዘው እ.ኤ.አ. በ1984 ሊንከን ኮንቲኔንታል ማርክ 7 ላይ መጣ። መርሴዲስ ኤርማቲክ ያለውን እ.ኤ.አ. በ1998 ኤስ ክላስ ላይ ሲያወጣ የአየሩና የሾኩ ቁጥጥር አንድ ላይ ሆነ።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

አገኘሁት! ፊውዙን ነቅዬ አሳደርኳት፤ ሦስቱ እግሮች ከማታው ልኬት ጋር ልዩነታቸው የማይረባ ነው፣ ግራ ፊት ግን ቁጭ ብላለች። ከዚያ አንስቼ የኦሞ ውሃ ረጨሁ። ታች እጥፋቱ ላይ፣ ወደ ሞተሩ በዞረው በኩል፣ ላስቲኩ በቀጫጭን መስመር ተሰነጣጥቋል። ከአንዷ ስንጥቅ አረፋው እየተነፋ ይፈነዳል፣ ደግሞ ይነፋል። ከፊት ለፊት ብትመለከቱት አዲስ የሚመስል ላስቲክ ነው።

ጋሼ፣ ላስቲኩን ብቻ ልቀይር? የቀኙስ?

መካኒኩ (ኮምቦልቻ)

ደግ አደረግክ። ሁለቱንም የፊት እግር አብረህ ቀይር። ዕድሜያቸው እኩል ነው፣ የግራው እዚህ ከደረሰ የቀኙም መንገድ ላይ ነው። አቅምህ ለአንድ ብቻ ከሆነ ግን የሚያፈሰውን ቀይር፣ ቀኙን በየጊዜው በኦሞ ውሃ እያየህ ቆይ።

የሚገጥምልህ ሰው እነዚህን ይጠብቅ። ቱቦውን ከመፍታቱ በፊት ግፊቱን በመመርመሪያ ማሽን ያስተንፍስ። ኦሪንጉን አዲስ ያድርግ። ከሁሉ በላይ፣ አዲሱ ላስቲክ ባዶውን እያለ መኪናዋ እንዳትወርድበት። መጀመሪያ እግሩ ተንጠልጥሎ አየር ይግባበት፣ እጥፋቱ ቅርጹን ይያዝ፣ ከዚያ ክብደት ይረፍበት። ባዶ ላስቲክ ላይ ክብደት ካረፈ እጥፋቱ ጠማማ ይገባል፣ አዲሱ ላስቲክ በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። ከፍታውንም በመጨረሻ በማሽን ልኩን ያስይዘው (ካሊብሬት ያድርገው)።

እዚያው እያለ የኮምፕረሰሩን ሪሌ (ኤሌክትሪኩን የሚያበራና የሚያጠፋውን ማብሪያ) ለውጠው። ርካሽ ነው። ብዙ የሠራ ሪሌ ተጣብቆ ይቀራል፤ ያኔ ኮምፕረሰሩ መቆሚያ የለውም። ማድረቂያውንም አሳየው። ውስጡ እርጥበት የሚስብ ሲሊካ ጄል አለ፤ አየር ሲተነፍስ በሱ በኩል ተመልሶ ስለሚወጣ ይደርቃል። ሲያፈስ የኖረ ሲስተም ግን ሲያስገባ እንጂ ሲያስወጣ ስለማይውል ማድረቂያው ይረጥባል። ውሃ ወደ ቫልቮቹ ካለፈ ዝገት ነው፣ ውርጭ በሚጥልበት ደጋ ደግሞ በረዶ ይሆናል።

ኩታበር

ይቅርታ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? የአየሩን አውጥቶ የብረት ሞላ መግጠም ነው። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ይጠበቃል፣ አንዳንዱ ከውጭ ነው የሚመጣው። የኔ መኪና ኮረኮንች ላይ ነው የምትውለው፣ ለሷ ምቾት ብዬ ልጆቼን አላስርብም።

መካኒኩ (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ሐሳብህ የሚናቅ አይደለም። አራቱም ላስቲክ ያረጀ፣ ኮምፕረሰሩም የደከመ፣ መኪናዋ ሁልጊዜ ኮረኮንች ላይ የምትሠራ ከሆነ እኔም አንዳንዴ ለውጠው እላለሁ። አንድ ላስቲክ ብቻ ላፈሰበት ሰው ግን አልልም።

ስትለውጥ ደግሞ በደንብ ይሁን። ሞላው ለዚያች መኪና ክብደት የተሠራ ይሁን፣ ከሌላ መኪና ተቆርጦ የመጣ አይሁን። ኮምፒውተሩ አየር ሲፈልግ እንዳይውል በማሽን ይዘጋ። የፊት መብራቱ ከፍታን የሚያነብ ከሆነ የሴንሰሮቹ ዘንግ አይነቀል፣ አለዚያ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሹፌር ታሳውረዋለህ። መንሸራተትን የሚቆጣጠረው ሲስተምም መኪናዋን በድሮ ከፍታዋ ነው የሚያውቃት፤ ሁለት ጣት ከፍ አድርጎ መግጠም ሐረጎ ላይ የሚያስከፍል ነገር ነው። ስትሸጣትም ለገዢው ንገረው።

ኩታበር

የመብራቱን ነገር አላሰብኩትም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።

ሰብለ (ደሴ)

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የሚገባው ኤሌክትሪክ መኪና ስለሆነ አንድ ልጠይቅ። ልገዛ እያሰብኩ ነው። የአየር ሞላ እንዳላትና እንደሌላት፣ ካላትም ደህና መሆኗን በምን ልወቅ?

ሐያት (ሐይቅ)

እህቴ፣ እዚህ መንገድ ላይ የምናያቸው የቮልስዋገን አይዲ ፎር ዓይነቶቹ የብረት ሞላ ናቸው። የአየር ሞላ የሚገኘው በአብዛኛው ውዶቹ ላይ ነው። በጎማው ክፍተት በባትሪ አይተሽ በሞላው ቦታ ጥቁር ላስቲክ ካለ አየር ነው።

ልታያት ስትሄጂ ሻጩ ቀድሞ እንዳያስነሳት ለምኝው። ካደረችበት ሳትነቃነቅ አራቱን እግር እዪ። ከዚያ ይክፈታት፣ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ውሰዷት፣ ሁሉም እግር እኩል ይነሳ እንደሆነ ተመልከቺ። ኮምፕረሰሩ ጸጥ ሲል ስሚ፤ ከቆመ በኋላ ሳትጭኚባት ሳትነኪያት ደጋግሞ የሚነሳ ከሆነ ያፈሳል። ኤሌክትሪክ መኪና ሞተሯ ስለማይጮህ ይህን ለመስማት ትመቻለች።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ላስቲኮቹ ታዘዋል፣ እስኪመጡ ጥቂት ቀን አለ። ጋሼ፣ እስከዚያ ልንዳት ወይስ ትቁም? መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳብኝስ፣ ክሪክ እንዴት ነው የማስገባላት?

መካኒኩ (ኮምቦልቻ)

ከተነሳችና መብራቱ ከጠፋ በከተማ ውስጥ ቀስ ብለህ ንዳት። ረጅም መንገድ አትውጣባት፣ አትጫንባት። ካልተነሳች ግን አንድ ሜትር እንዳትነዳት፤ ጎማው ፓራፋንጎውን ይበላል፣ ላስቲኩም ተጨፍልቆ ይፈጫል። መጎተት ካለባት አራቱም ጎማዋ ተነስቶ በጫኝ መኪና ትሂድ።

ክሪክ ከመግጠምህ በፊት ከሜኑው «ጃክ ሞድ» የሚለውን አብራ፤ አንዳንዱ መኪና ላይ በቁልፍ ነው። ካላበራኸው ኮምፒውተሩ ጎማው ሲንጠለጠል «ይህ እግር ከፍ ብሏል» ብሎ አየሩን ያስተነፍሳል። ክሪኩን ስታወርድ እግሩ ባዶ ይሆናል፣ መኪናዋ ክሪኩ ላይ ትቀመጣለች። ክሪኩን የምታስገባውም ፋብሪካው ምልክት ባደረገበት የሻንሲ ጠርዝ ነው፣ ብራቾው ሥር አይደለም። ጎማውን ከቀየርክ በኋላ ጃክ ሞዱን አጥፋ፣ ሞተሩን አስነስተህ ከፍታዋን እስክትይዝ ጠብቅና ሂድ።